ከሁለቱ ሕፃናት መሃል የተቀመጡት ሴት

በንጉሡ ዘመን ድሬዳዋ በነርስነት ስሠራ፣ ያለወራቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። የማሞቂያ መሣሪያ ገና አልደረሰንም፤ በጥጥ ጠቅልለን፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጎናቸው እናስተኛለን። በድሬ ሙቀት ሰው የምታሞቁ እናንተ ብቻ ናችሁ እያሉ የከተማው ሰዎች ይስቁብን ነበር።

አንድ ሰሞን የባቡር ሠራተኛ ሴት ልጅና ከሐርላ የመጣ የሙስሊም ቤተሰብ ወንድ ልጅ ጎን ለጎን ተኙ። ልጅቱ ስትደክም አባቷ ሰማንያ ቀኗን ሳይጠብቅ ቄስ አመጣ፤ እዚያው አጠመቋት። የወንዱ ልጅ አያት ይህን ሁሉ በመስኮት ሲያዩ ኖሯል።

“ያ ውሃ የኔን ልጅ ነክቷል” አሉኝ።

“አልነካውም፣ እማማ።”

“አንገትሽ ላይ ማተብ አለ። ምን ብዬ ልመንሽ?”

ልጁን ጠቅልለው ቤት ሊወስዱት ተነሡ። ከጠርሙሱ ከተለየ እንደሚሞት ብነግራቸው ማስፈራሪያ መሰላቸው።

እኔም ብሆን አላመንኳቸውም። ተምር አላምጦ የሕፃን ላንቃ መቀባት ወጋቸው ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ገና መዋጥ አይችልም። የሻሻቸውን ቋጠሮ ባየሁ ቁጥር ተምር ይታየኛል። ጠርጣራ ነኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ሲጨንቀኝ፣ ዘመድ እዚያ እንዳይቀመጥ ሐኪሙ የከለከለውን ተላለፍኩ። በሁለቱ አልጋዎች መሃል በርጩማ አኖርኩና፣ “እንግዲያው እዚሁ ሆነው ይጠብቁት” አልኳቸው። ተቀመጡ። ጥጥ ስቀይር፣ የቄሱ ውሃ ነክቶት እንደሆነ ጥጡን ተቀብለው ያሸታሉ። እኔ ደግሞ ጣታቸውን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ ሞልቼ ስመለስ ጣታቸው ሕፃን አፍ ውስጥ ነው። የልጅቱ አፍ ውስጥ። ክንዳቸውን ያዝኩ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ያነቃትን የረጋ ወተት ጠርገው አወጡ፣ በክንዳቸው ላይ ደፍተው ጀርባዋን አሹ። የጠቆረው ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ፤ ከዚያ በቀጭኑ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ልጅቱን አስታቀፉኝ።

“ይቺን አንቺ ጠብቂ” አሉኝ። “የኔን እኔ እጠብቃለሁ፣ ወላሂ።”

ጠበቁትም። ወፍሮ በእቅፋቸው ወደ ሐርላ እስኪመለስ ድረስ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሡም።