የአዳዳ ዘይነባ ስንዝር አፈር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሰሚራ አንድ ፌስታል ሙሉ አፈር ይዛ ከባጃጅ ወረደች። ለጤና አዳም መትከያ ነው አለች። «ከየት አመጣሽው?» ስላት «ገዛሁት» አለችኝ። አፈር ገዝታ! ሳቅሁባት። ፌስታሉን ከፍቼ እጄን ስከት ግን ሳቄ ጠፋ። ግንባሬ ላይ ያለችው የድሮ ጠባሳ በላችኝ።

እኔ አፈር ሰው ሲያደባድብ አይቻለሁ። ያውም አንድ ስንዝር አፈር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ድሬዳዋ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ እኔም ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ተራራው ላይ ሐርላ መንደር፣ ታላቅ እህቱ ዘይነባ ዘንድ እሄድ ነበር። እንደ አገሩ ልማድ የአባቴን እህት «አዳዳ» እላታለሁ። በዚያ ክረምት አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ በጭነት መኪና እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሬ ሽቅብ ወጣሁ። የድሬ ሙቀት ከኋላዬ ይቀራል ብዬ ስጠብቅ ተራራው ራሱ ጠበሰኝ። ድንጋዩ የጫማ ሶል አልፎ ያቃጥላል።

የአዳዳ ባል ሙሜ ከሞተ ሁለተኛ ክረምቱ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። የተወላት ነገር ቢኖር ተራራው ጎን ላይ በድንጋይ ግንብ የተያዘች አንዲት ጠባብ እርከን ናት። ሙሜ ግንቡን ክቦ፣ ከሸለቆው አፈር በቅርጫት ተሸክሞ፣ አመድና የአህያ ፋንድያ እየደባለቀ ዕድሜውን የጨረሰባት ማሳ። አዳዳ ጣቷን ትሰካና «እዚህ ስንዝር ነው፤ እዚህ አራት ጣት» ትለኛለች። ከዚያ በታች ነጭ ቋጥኝ ነው። የማሽላው ሥር ወደ ታች መውረጃ ስለሌለው ወደ ጎን ይሮጣል፤ ስንጥቅ ያገኘው ይተርፋል፣ ያላገኘው ቀትር ላይ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይደርቃል። እኔ የከተማዋ ልጅ ማሳውን ላጸዳ ብዬ ጠጠሩን መልቀም ስጀምር እጄን ጠፈጠፈችኝ።

«ተይ ኢንታላ! ድንጋዩ ልብሱ ነው። ከገፈፍሽው ፀሐይ ይጠጣዋል፣ ዝናብ ይወስደዋል።»

ኢንታላ ማለት ሴት ልጅ ማለት ነው። የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ ሳስቀምጠው የቁጣዋ ግማሹ ይቀራል።

ከእሷ በታች ያለው ማሳ የአህመዴ ነው፤ የሙሜ ታናሽ ወንድም። ወንድሙ እንደሞተ መበለቲቱን ሊወርስ፣ ሁለተኛ ሚስት ሊያደርጋት ሽማግሌ ልኮ ነበር። አዳዳ እምቢ አለች። እምቢ ማለት የቻለችው ያቺ ማሳ ስለነበረቻት ነው። የራሷን ማሽላ ትበላለች፣ የማንንም ደጅ አትጠናም። አህመዴ ይህን አልረሳላትም፤ ሰላም ሲለን እንኳ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

በነሐሴ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማሽላ ቂጣ በሆጃ እየበላን፣ ያቺ በወተት የምትፈላው የቡና ቅጠል እንኳ ሳትበርድ፣ ሰማዩ ጠቆረ። የመጣው ዝናብ አልነበረም፤ ዱላ ነው። ያ ተራራ ውሃ አይጠጣም። የሚጠጣበት አፈር ስለሌለው የወረደበትን ሁሉ ይተፋዋል። ቋጥኝ ከላይ እየተንከባለለ በአጠገባችን ሲያልፍ ቤቱ ይርገፈገፍ ነበር። አንዱ በረቱን ደርምሶ ፍየሏን ከወገቧ በታች ጨፈለቃት። ጩኸቷ እስኪቆም አዳዳ ጆሮዬን በሁለት እጇ ደፍና ያዘችኝ።

ሲያባራ ወጣን። ግንቡ መሐል ለመሐል ተበርግዷል። አፈሩ የለም፤ ማሽላው የለም። ቆዳው እንደተገፈፈ በሬ ነጭ ቋጥኙ ብቻ ተጋድሟል። አዳዳ አላለቀሰችም፤ ቁልቁል ተመለከተች። አፈሩ ሩቅ አልሄደም ነበር። የአህመዴ ግንብ አስቁሞታል። በእሱ ቀይ አፈር ላይ የእሷ አመድ የጠገበ ጥቁር አፈር ተኝቷል፤ የማሽላዋ አገዳ ሳይቀር ተሰክቶበታል። የማን እንደሆነ ለማወቅ ዳኛ አያስፈልግም።

ቅርጫት ይዘን ወረድን። የመጀመሪያውን ሸክም አውጥተን ስንመለስ አህመዴ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ቆሞ ጠበቀን።

«ቅርጫቱን አስቀምጪ» አላት።

«አፈሬ ነው አህመዴ። ሙሜ በጀርባው ያወጣው ነው።»

«ዝናብ ያመጣውን አላህ ነው የሰጠኝ።»

«ወላሂ ወንድምህ የሞተበት አፈር ነው!»

ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ። «አፈሩ መንገዱን አውቆ ወደ እኔ መጥቷል» አለ። «አንቺም ተከትለሽው ነይ። ቤቱ ይበቃናል።»

ቅርጫቱን ፊቱ ላይ ወረወረችበት። እሱ በጥፊ ሲላት እጁን በጥርሷ ያዘች። ትልቁ ልጁ በዱላ ጎኗን ሲመታት አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁ። እኔም ዘልዬ ፀጉሩን ጨመደድኩት። ታናሹ ድንጋይ አነሳና ግንባሬን አለኝ፤ አንዱ ዓይኔ ደም ሞላ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየሁት በቀረው ዓይኔ ነው።

በላያችን ሰማዩ እንደገና አጉረመረመ፤ ሁሉም ቀና አለ። በዚያች ቅጽበት አዳዳ ከጭቃው ተነሥታ ግንቡ ሥር የተጋደመውን ዲጂኖ፣ አህመዴ ድንጋይ የሚፈነቅልበትን ረጅም ብረት አነሳች። ልትገድለው ነው አልኩ። እንድትገድለውም ፈልጌ ነበር። እሱም እንደዚያው መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ግን አልፋው ሄደች። ብረቱን ከግንቡ ማዕዘን ድንጋይ ሥር ሰክታ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። የሁለት ማሳ አፈርና ውሃ የተሸከመ ግንብ ነው፤ ብዙ አላስለመነም። ድንጋዩ ተፈነቀለ፤ ግንቡ አበጠና ሆዱ ተዘረገፈ።

«አብደሻል እንዴ!» ብሎ ጮኸ አህመዴ። «የእኔም አፈር አለበት እኮ!»

«እኔ ቤትህ አልመጣም» አለችው ደም እየተፋች። «አፈሬም አይመጣም።»

ዝናቡ ደርሶ የቀረውን ጠረገው። አህመዴ ጎርፉ ውስጥ ተንበርክኮ በክንዶቹ ሊያግደው ሲታገል ልጆቹ ጎትተው አወጡት። ከዚያ በኋላ ማሳው አራት ጣት አፈር ብቻ ቀረው አሉ። አላዘንኩለትም።

በነጋታው ጎኗን በነጠላ አስረን ወደ ድሬ ወረድን። አዳዳ እስክትሞት መጋላ፣ እኛ ቤት ኖረች። ገበያ ውስጥ ቲማቲም ትሸጥ ነበር፤ ባልም አላገባችም። ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው የደቻቱ ወንዝ እያገሳ በሞላ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ሲጨነቅ፣ እሷ ውሃው እስኪጎድል ትጠብቃለች። ከዚያ አሸዋው ላይ ወርዳ ጎርፉ የተወውን ደለል በጣቶቿ ታሻለች። አባቴ «አቦ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» ሲላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ጥቁሩን።»

የሰማ ሁሉ ሁለት ማሳ ያጠፋች እብድ ይላታል። እኔ እንዲህ ነው የማየው። ሰዎቹ እምቢታዋ የቆመው በዚያ ስንዝር አፈር ላይ መስሏቸው ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። አፈሩ ሄደ፤ እምቢታዋ ግን ከእሷ ጋር መጋላ ገባ።

ሰሚራ ጤና አዳሙን ለመትከል ስትነሳ ሻጩ አፈሩን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኋት። ከደቻቱ ዳር፣ ጎርፍ ከሚጥለው ነው የሚዝቁት አለችኝ። ፌስታሉን ተቀብዬ ጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት፤ መነጽሬን አድርጌ በጣቴ መበተን ጀመርኩ።

«እማማ፣ ምንድን ነው የምትፈልጊው?» አለችኝ።

«ጥቁሩን» አልኳት።