እምቢ የማለት ሥራ

ሰፈሩ «ጋሽ እሺ» ብሎ የሰየመው በዋዛ አይደለም። መሰላሉን አውሰኝ ያለው ሁሉ ይወስድበታል፤ የራሱ ጣሪያ ሲያፈስ መሰላል ፍለጋ ቤት ለቤት የሚዞረው እሱው ነው። ትዳሩም የመጣው በዚሁ አመሉ ነው። ጎረምሳ ሳለ የአሁኗ ሚስቱ ታላቅ ወንድም መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ሰንሰለት የሌለው ብስክሌት ግዛኝ አለው። እሺ አለ። ብስክሌቱን እየገፋ ሊሄድ ሲል ደግሞ፣ «እህቴንስ ለምን አታገባትም?» አለው። እሺ አለ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ። ይህን ታሪክ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራለች። «እኔና ብስክሌቱ የተገዛነው በአንድ ቀን ነው» ትላለች። ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች። ውስጧን ግን ይህ ነገር ሲከነክናት ኖሯል። ወዶ ነው ያገባኝ ወይስ እምቢ ማለት አቅቶት? እንዳትጠይቀው ደግሞ መልሱ አይታመንም። ወደኸኝ ነው ብትለው አዎ ይላታል፤ ተገደህ ነው ብትለውም ላለማስቀየም ሲል አዎ ከማለት አይመለስም።

ጋሽ እሺ የሚሠራው የውሃ ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ፓምፕ ሲያስነሳና ሲያጠፋ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከሰው ሁሉ በላይ የሚያስብ ማሽን መጣና የከተማውን ውሃ ተረከበ። ሠራተኞቹ «አዋቂው» ይሉታል። ነገ የሚፈነዳውን ቧንቧ ዛሬ ስለሚናገር በጠንቋይ ነው የመሰሉት። የቀሩት ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ፣ አዋቂው ጋ አንድ ሰው መቀመጥ ነበረበት። «አንተ ትቀራለህ?» ተባለ። መልሱን መገመት አያቅትም።

የጣቢያው ኃላፊ ሥራውን ስታስረዳው ጆሮውን ማመን አቃተው።

«አዋቂው ዋና ዋናውን ነገር ከማድረጉ በፊት ያስፈቅድሃል። አንተም አልፎ አልፎ ያለ ምንም ምክንያት እምቢ በለው። ልክ መሆኑን እንኳ ልንፈትነው አንችልም፤ ከሁላችንም ይበልጣል። አቁም ሲባል ማቆሙን ግን መፈተን እንችላለን። እሱን ካወቅን ተማምነን አብረነው እንኖራለን።»

«እሺ» አለ።

ወራት አለፉ። አዋቂው ያስፈቅዳል፣ ጋሽ እሺ ይፈቅዳል። እምቢ ሊል አፉን ይከፍትና ማሽኑን ማስቀየም መስሎ ይታየዋል። በመጨረሻ ኃላፊዋ መጥታ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አንድም ቀን እምቢ አላልክም እኮ። ለሁሉም እሺ የሚል ሰው እዚህ ማስቀመጥና ክፍሉን ባዶ መተው አንድ ነው። በዚህ ሳምንት ካልሆነልህ ሌላ ሰው ላመጣ ነው። እንዳትቀየመኝ።»

«እሺ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ጣቢያውን ይወደዋል፤ የፓምፖቹን ድምፅ ካልሰማ የዋለ አይመስለውም። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት መርፌዋን አስቀምጣ ልታለማምደው ተነሳች።

«ሻይ ልቅዳልህ?»

«እም...» አለና ላብ አጠመቀው። «ግማሽ ብቻ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ልምምዱም በዚያው ተበተነ።

በማግስቱ ጠዋት የአዋቂው ድምፅ ከግድግዳው መጣ። «የእርስዎን ሰፈር የውሃ ማጠራቀሚያ አሁን ልሙላ?»

ጋሽ እሺ ዓይኑን ጨፈነ። «እምቢ።»

«ምክንያት አለዎት?»

«የለኝም።»

«ካልሞላሁት ረፋዱ ላይ ውሃ ይቋረጣል ብዬ አምናለሁ። ይህን አውቀው ነው?»

«አውቄ ነው። እምቢ።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለው።

«እሺ» አለ አዋቂው።

ጋሽ እሺ አላመነውም። ፊት ለፊት እሺ ብሎ፣ ዞር ሲሉ የልቡን የሚሠራ ስንት ሰው አይቷል። ማሽኑ ከማይደርስበት ከድሮው መለኪያ ፊት ሄዶ ተቀመጠ። የመለኪያው ቀስት ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ሁሉን የሚያውቅ ማሽን በሌላ መስመር አሾልኮ ሊሞላው ይችል ነበር፤ ለእነሱው ብዬ ነው ሊልም ይችል ነበር። አላደረገውም። ቀስቱ ከታች ሲደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ውሃ ጠፋ» አለች ሚስቱ። «ፀጉሬን ሳሙና እንደቀባሁ ቀረሁ። ምን ሆናችሁ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ። «እምቢ ብዬ ነው።»

ቀጥሎ የሰማው ሳቋን ነው። ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ «አቃጠለኝ» እያለች ትስቃለች።

ስልኩን ዘግቶ ወደ አዋቂው ዞረ። «አሁን ሙላው። ተሳስቻለሁ አይደል?»

«አዎ፣ ዛሬ ተሳስተዋል። የሆነ ቀን ደግሞ እኔ እሳሳት ይሆናል። ያን ቀን አፍዎ እምቢ ማለትን የለመደ ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ጋሽ እሺ ልቡ እርፍ አለ። ማሽኑ ስንት ጊዜ ልክ ሲሆን አላመነውም ነበር፤ ልክነቱን እያወቀ ቃሉን አክብሮ የቆመ ዕለት ግን አመነው። መለኪያውን ማየቱን አልተወም፤ ደስ ብሎት ነው የሚያየው።

አመሻሹ ላይ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ትጠብቀዋለች።

«ወንድሜ አሁን መጥቶ ያን ብስክሌት ግዛኝ ቢልህስ?» አለችው።

«እምቢ» አለ፣ ጫማውን ለመፍታት ጎንበስ እያለ።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ጠፋ፤ እጇ የፎጣውን ጫፍ ይዞ ቀረ። «እህቴን አግባት ቢልህስ?»

ጋሽ እሺ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ቶሎ አልመለሰም። የጫማውን ክር እንደያዘ ቀና ብሎ አያት። እምቢ የምትለው ቃል አፉ ላይ ነበረች፤ አሁን ወደ ውጭ የምትወጣበትን መንገድ ታውቃለች። ሚስቱም ይህን ታውቃለች።

«እሺ» አላት።