የውርንጭላዋ የልደት ዓመት

ዛሬም ያቺን ትራክተር ሳስብ ደሜ ይፈላል። «ስንት ሰው ባለቀበት ዘመን አንተ ስለ አንዲት ትራክተር ትበሳጫለህ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ እበሳጫለሁ። የትልልቁን ግፍ የሚያወሩ ብዙ ናቸው። በዚህኛው ግን የእኔም እጅ ስላለበት እኔ ካላወራሁት የሚያወራው የለም።

የጓሮ ትራክተር ነበረች። አራት ጎማ፣ አንድ መቀመጫ፣ በገመድ ተስቦ የሚነሳ ሞተር፤ ቁመቷ ከአህያ አይበልጥም። ጎንደር ወርዶ ትልቁን ትራክተር ያየ የደባርቅ ሰው እሷን ሲያይ ሳቁ አያስችለውም፤ «የትራክተር ውርንጭላ» አሏትና ስሟ ውርንጭላዋ ሆኖ ቀረ። ያመጣት በንጉሡ ዘመን ለፓርኩ ሥራ መጥቶ ደባርቅ ቤት ተከራይቶ የኖረ አንድ ፈረንጅ ነው። ግማሹን ወር ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር በሚባለው ቦታ ከርሞ ሲመለስ ካሮትና ጎመን ካላገኘ የማይሆንለት ሰው ነበር ይባላል። አገሩ ሲገባ እሷን ለአከራዩ ሸጠላቸው።

አከራዩ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የሚያለሙ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለቱን በሬዎቻቸውን ሸጠው ገዟት። ሰፈሩ ጉድ አለ፤ «በሬ ሽጦ ጭስ የሚተፋ ውርንጭላ!» ሽያጩ የተፈጸመው በአገሩ ወግ ነው። ሁለት ጎረቤትና አንድ ቄስ ቆመው መሰከሩ፣ ገዢና ሻጭ ተጨባበጡ፣ ጠላ ተጠጣ፣ አለቀ። ወረቀት የጠየቀ የለም። በእኛ አገር ሰው ቆሞ ሳለ ወረቀት መጠየቅ ምስክሩን በፊቱ ውሸታም እንደማለት ይቆጠር ነበር።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ የመሬት አዋጁም ታወጀ። የባላባቶቹ ትራክተር ሲወረስ ውርንጭላዋን ከቁም ነገር የቆጠራት አልነበረም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን በአውራጃው ያለ ሞተር ሁሉ ይመዝገብ የሚል ትእዛዝ ወረደ። መዝጋቢው እኔ ነበርኩ። ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ዓመት ያልሞላኝ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የምሰካ ኩራተኛ ነበርኩ።

ሽማግሌው ቤት ስሄድ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ሞተሯ ሥር ያለችውን የብረት ሰሌዳ በላምባ ጠርገው፣ በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው፣ «ይኸውልህ የኔ ልጅ፣ ልደቷ እዚህ ላይ ተጥፏል» አሉኝ። ቁጥሯን ገለበጥኩ፤ የተሠራችበትንም ዓመት ገለበጥኩ። ዓመቱን እዚህ አልጽፈውም፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል። ሰሌዳው ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ነው። የፈረንጅ አቆጣጠር የእኛን በሰባት በስምንት ዓመት እንደሚቀድመው የማያውቅ ተማሪ የለም፤ እኔም አውቅ ነበር። እጄ ግን በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፍ ሳያስበው እንደሚያማትብ ሰው ከቁጥሩ ኋላ ዓ.ም. ብሎ ጨመረበት። በንጉሡ ዘመን የተሠራችው ውርንጭላ በእኔ መዝገብ ከአዋጁ በኋላ ተወለደች።

መዝገቡ በመሥሪያ ቤታችን በሚቀመጠው የአውራጃው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው አንብቦ ነገሩን እንዲህ አሰረው፦ ከአዋጁ በኋላ ትራክተር ያስገባ መንግሥት ብቻ ነው፤ ይህቺ የተሠራችው ከአዋጁ በኋላ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ናት፤ ግለሰብ እጅ ከተገኘች ተሰርቃ ነው። ትራክተሯን ሄዶ ያያት አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያየው መዝገቡን ነው። ሽማግሌውን ከድንች ማሳቸው አምጥተው በመሥሪያ ቤታችን ግቢ በነበረው አሮጌ የእህል መጋዘን አሰሯቸው። ውርንጭላዋም ተጎትታ መጥታ ታሸገች። ሲገዟት የመሰከሩት ቄስ ሊናገሩ ቢመጡ ሰብሳቢው «አባ፣ የእርስዎን ምስክርነት ለሰማይ ቤት ያቆዩት» ብሎ መለሳቸው። በሰማንያ ዓመታቸው በሰው ፊት ተሳቀባቸው።

መዝገቡ ሲነበብ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ዓመቱን እንደሰማሁ ስህተቴን ወዲያው አወቅሁት። እጄን አውጥቼ «የእኔ ስህተት ነው» ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። አላልኩም። በዚያ ዘመን ስህተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስሙ የኢኮኖሚ አሻጥር ነበር። በአሻጥር ተጠርቶ የወጣን ሰው ማን እንደሚመልሰው ማንም አያውቅም። ይህን የምለው ራሴን ለማጽዳት አይደለም፤ ፈራሁ፣ በቃ።

ደባርቅ አንድ የሳይንስ መምህር ነበር። የዚህ ሰው አመል የሞተር ቁጥር መሰብሰብ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ለብሶ ይወጣል፤ ሞተሩን፣ የውሃ መሳቢያውን፣ ያገኘውን ሁሉ ሰሌዳውን ጠርጎ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንደዞረ በደብተር ይጽፋል። ገሚሱ እብድ ይለዋል፣ ገሚሱ ሰላይ። እሱ ግን «ሞተርም እንደ ሰው ትውልድ አለው፤ የሚጽፍለት ነው ያጣው» ይል ነበር። የሽማግሌውን መታሰር እንደሰማ ቢሯችን መጣና ሰብሳቢው ፊት ቆመ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ይሄ የፈረንጅ ዓመት ነው። እናንተ ቤት አንድ አህያ አለ፤ ዓ.ም. ብሎ ጽፎታል።»

«ሰሌዳው የማን ዓመት እንደሆነ ይናገራል?»

«ቁጥር ብቻ ነው።»

«የእኛ ባለሙያ ግን ዓ.ም. ነው ብሎ መዝግቧል። የመንግሥት መዝገብ ይዋሻል ነው የምትለኝ?»

የመንግሥት መዝገብ ይዋሻል ብሎ በሰላም ቤቱ የሚገባ አልነበረም። ሰብሳቢው እኔን አላየኝም፤ እኔም ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። ውጭ ስንወጣ መምህሩ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ የውርንጭላዋን እህቶች እንፈልግ» አለኝ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ፋብሪካው ቁጥር የሚሰጠው በተራ ነው። ቁጥሯ ከእኛዋ የሚበልጥ፣ ማለትም ታናሽ የሆነች፣ ግን በንጉሡ ዘመን አገር ውስጥ እንደነበረች የሚመሰክርላት ትራክተር ከተገኘች ነገሩ ያበቃል። ታናሿ ያኔ ከነበረች ታላቋ ከአዋጁ በኋላ ልትወለድ አትችልም። በደብተሩ መሠረት ሦስት እህቶቿ በዚሁ መንገድ ላይ ነበሩ፤ ቁጥራቸውን ግን ገና አልያዘም። «አብሬህ ልሂድ» አልኩት። ደግ መሰልኩት። እኔ የፈለግሁት ሳልናገር የሚናገርልኝ ብረት ነበር።

የይለፍ ወረቀት አውጥተን ዳባት ወረድን። የዳባቷ ትራክተር ከአጥር ሥር ተገኘች፤ ሰሌዳዋ የለም። ጠይቀን ጠይቀን አንዲት ሴት ቤት የማንቆርቆሪያ ቀዳዳ ተደፍኖበት አገኘነው፤ ቁጥሩ በእሳት ጠፍቷል። መምህሩ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ሊያለቅስ ደረሰ። ተመልሰን በጭነት መኪና ከጆንያ ላይ ተቀምጠን ሊማሊሞን ወረድን። መንገዱ ባንድ በኩል በኬላ፣ ባንድ በኩል በተኩስ ወሬ እየተዘጋ ዛሪማ ላይ አራት ቀን አሳደረን። የዛሪማዋ ሰሌዳዋ ሙሉ ነው፤ ቁጥሯ ግን ከእኛዋ ያንሳል። ታላቅ እህት ምንም አታስረዳም። እኔ ቀኑን ስቆጥር ሽማግሌው መጋዘን ውስጥ ነበሩ፣ የድንች መትከያው ወርም እየገፋ ነበር። ዛሪማ ላይ ሻይ እየጠጣን ልነግረው አፌን ከፍቼ ስኳር ጠየቅሁት።

ሦስተኛዋን አዲ አርቃይ አጠገብ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከሎሚ ዛፍ ሥር አገኘናት። ቁጥሯ ይበልጣል! መምህሩ እንደ ልጅ ዘለለ። እንዴት እንደመጣች ቄሰ ገበዙን ብንጠይቃቸው ከአዋጁ በፊት አንድ ባላባት ልጁ ከሕመም ድኖለት በስእለት ያገባት እንደሆነች ነገሩን። «ማስረጃ አለ አባታችን?» አለ መምህሩ እየፈራ። ተቆጡ። «ለቤተ ክርስቲያን የገባ ነገር ሳይጣፍ ይቀራል እንዴ?» ብለው ገቡና ወንጌሉን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዘው ወጡ። ከኋላው ባዶ ቅጠል ላይ፣ የመሬትና የከብት ስጦታ ከተመዘገበበት ዝቅ ብሎ፣ ትራክተሯ ነበረች። ዓመተ ምሕረቱ፣ የወንጌላዊው ዘመን፣ ወሩ፣ ምስክሮቹ ሁሉ ተጽፈዋል። ወንጌሉ ከግቢ አይወጣምና መምህሩ ጽሑፉን እሱ ሊገለብጥ፣ እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ልገለብጥ ተከፋፈልን።

ስንጨርስ ሁለቱን ወረቀት ጉልበቱ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። አንዴ ሳቀ።

«በዚህ ብንሄድ ትራክተሯ ሳትሠራ ነው ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠችው…»

ሳቁ እዚያው ቆመ። የእኔን ወረቀት አነሳ። ከፈረንጁ ዓመት ኋላ፣ በተለመደው ውብ ጽሕፈቴ፣ ዓ.ም. የሚል ነበረበት። እጄ ደግሞ አማትቧል።

«አንተ ነህ» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እናንተ ቤት አንድ አህያ አለ ስል አጠገቤ ቆመህ ነበር።»

«ነበርኩ።»

ዓ.ም. የሚለውን ሰርዞ ወረቀቶቹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊማሊሞን ስንወጣ፣ ኬላ ላይ ስንፈተሽ፣ ደባርቅ ብርዱ ሲቀበለን፣ አንድ ቃል አልነበረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰብሳቢው የቄሰ ገበዙ ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ አየና በሁለት ጣቱ ገፋው። «የደብተራ ወረቀት አምጥታችሁ የመንግሥትን መዝገብ ልታፈርሱ ነው?» አለ። መምህሩ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ ተናገርኩ፤ «ጓድ፣ መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፈረንጁን ዓመት በስህተት የእኛ አድርጌው ነው» አልኩ። ሰውየው ግን አልጮኸም፤ ሰለቸው። ግለ ሂስ ጻፍ አለኝ፣ ጻፍኩ፤ በሠራተኛው ስብሰባ አነበብኩት፤ ተግሳጽ ተሰጠኝና ወንበሬ ላይ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ቀን ያስፈራኝ ይህ ነበር።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። ትራክተሯን ግን አልመለሱላቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቅ ሰብሳቢው የሰጠኝን መልስ እስክሞት አልረሳውም። «ከአዋጁ በኋላ ከተሠራች የመንግሥት ናት። ከአዋጁ በፊት ከሆነች ደግሞ የፊውዳል ቅሪት ናት፤ ትወረሳለች።» ካፈርኩ አይመልሰኝ ይሏል ይሄ ነው! ወደ ፊት ቢቆጥሩት ሌባ፣ ወደ ኋላ ቢቆጥሩት ፊውዳል። በሁለት በሬ የምትገዛ ፊውዳልነት የት አገር አለች? ውርንጭላዋ ግቢያችን ውስጥ ዝናብ ላይ ቆመች። ገመዷን ስቦ የሚያስነሳት እንኳ አልተገኘም፤ የዘበኛው ዶሮ መቀመጫዋ ሥር ዕንቁላል ትጥልባት ነበር።

«እንኳን እግዚአብሔር አስፈታዎ» ልል ቤታቸው ሄድኩ። ጢማቸው አድጓል፤ ማሳው አረም ለብሷል። ዱካ አስጠጉልኝ፣ ጠላ አስቀዱልኝ። ይቅርታ ልላቸው ስጀምር በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ሰምቻለሁ። ስብሰባው ላይ ስታነበው ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ስንት ቀን ሄድህ አሉ እኔን ለማስፈታት?»

«አሥራ አንድ ቀን።»

«አሥራ አንድ ቀን! እስከ አዲ አርቃይ! በዚያ መንገድ! እግዜር ይስጥህ።»

ጠላቸውን ፉት አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር።

«መጋዘኗ ትንሽ መስኮት አለቻት፤ ጧት ጧት ስትገባ አይህ ነበር። ሌላ ሥራ የለኝ፣ የሰዉን እርምጃ እቆጥራለሁ። ከአንተ በር እስከዚያ ሰውዬ በር ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም አባባ።»

«ሃያ ሁለት ነው የኔ ልጅ። ሃያ ሁለት እርምጃ።»

በማግስቱ ጧት ማንም ሳይገባ ቢሮ ሄድኩና ከበሬ እስከ ሰብሳቢው በር እየቆጠርኩ ተራመድኩ። ሃያ ሁለት ነው።