መሀሉ ያልሰማ በረዶ

ዘመሮ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር በየዓመቱ ተማሪ የሚያንቀላፋበት አንድ ምዕራፍ ነበር፤ የዋልታ በረዶ። አልፈርድባቸውም። የመንዝ ልጅ በረዶ ሲባል የሚያውቀው ክረምት ላይ ገብሱን ቀጥቅጦ ምሳ ሳይደርስ ቀልጦ የሚጠፋውን ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር የሚወፍር፣ አገር ምድሩን የሸፈነ፣ ለብዙ ሺህ ዓመት ያልቀለጠ በረዶ አለ ስላቸው መምህራቸው የተጋነነ ወሬ የሚያወራ ይመስላቸው ነበር። እኔም ብሆን አላየሁትም። የማውቀው በክረምት ኮርስ አንድ አስተማሪያችን ከነገረን ነው።

ሰውዬው ቀዝቃዛ ሰው ነበር፤ ስለ በረዶ ሲያወራ ግን የደወሉን ድምፅ እንኳ አይሰማም። በረዶውን እስከ ታች ድረስ ይበሱና በቀዳዳው ቴርሞሜትር ያወርዳሉ አለን። ላይኛው ክፍል የዛሬውን አየር ያህል ይቀዘቅዛል። ታችኛው ክፍል ከምድር ሙቀት ስለሚያገኝ ይሞቅ ይሆናል። መሀሉ ግን ከሁሉም ይበርዳል፤ ምክንያቱም የጥንቱ የበረዶ ዘመን ቅዝቃዜ እስካሁን አልወጣለትም። ውጭው ከሞቀ አሥር ሺህ ዓመት አልፎታል፤ ሙቀቱ ግን እስከ መሀል ገና አልደረሰም። ይህን ነገር ለፈተና ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሌላ ጥቅም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም።

የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ ታናሽ ወንድሜ ዘመተ። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል፤ እናቴ ከዘመሮ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ፣ ወደ ጓሳ ተራራ በሚያወጣው በኩል ብቻዋን ትኖራለች። ከግንባር አንድ ደብዳቤ መጣልን። «ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይላል። መጨረሻው ላይ ሌሊቱ እንደሚበርድ ጽፏል። እናቴ ያን ከሰማች ጀምሮ የጥቁር በግ ጠጉር መፍተል ያዘች፤ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ አሠርታ ልትልክለት።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እግሩ የቆሰለ የሠፈራችን ልጅ የተከራየሁት ክፍል በር ላይ ምርኩዙን ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት። ከወንድሜ ጋር አብረው ነበሩ። ሻይ አፈላሁለት። ሁለት ጊዜ ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ወንድምህ አልፏል» አለኝ። «ዛሬ አሥራ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከእኔ ሰማሁ እንዳትል፤ ወረቀቱ ራሱ ይመጣል።»

«እሺ» አልኩት። ዳቦ ቆርሼ ሰጠሁት። ምንም አልተሰማኝም። ከሄደ በኋላ ብርጭቆዎቹን አጥቤ የተማሪ ደብተር አረምኩ።

በእኛ ዘንድ ሞትን የሰማ ሰው ብቻውን ሄዶ አይናገርም። ሽማግሌ ይሰበስባል፣ ቄስ ይጨመራል፣ ጎህ ሲቀድ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ተደርሶ መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ያወቀው ሰው ፊቱን መጠበቅ አለበት፤ ካለቀሰ ወሬው ያፈተልካል። ሆድ ይፍጀው ነው። እኔም ፊቴን ጠበቅኩ። መጀመሪያ፣ ገብሱ አልታጨደም፣ አጨዳው ይለቅ አልኩ። ታጨደ። ከዚያ በጾሙ መሀል አይሆንም፣ ገና ይለፍ አልኩ። አለፈ። ከዚያ ደግሞ የተማረ ሰው ምክንያት አመጣሁ፤ ወረቀት ያልመጣበት ሞት ስህተት ሊሆን ይችላል አልኩ። ልጁ ግን በዓይኑ አይቶ ነበር የነገረኝ።

እናቴ በየገበያው ቀን ዘመሮ ስትወጣ ክፍሌ ጎራ ትላለች። ነጠላዋን አራግፋ መደቡ ላይ ትቀመጥና፣

«ደብዳቤ የለም?» ትላለች።

«የለም እምዬ።»

«እንግዲያስ ያቺኑ አንብብልኝ።»

ያችኑ አነብላታለሁ። እሷ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማለች፣ «ሌሊቱ ይበርዳል» የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ትነቀንቃለች። በአምስተኛው ወር ደብዳቤውን ሳላይ በቃሌ መወጣት ጀመርኩ። ድምፄ አንዴም አልተሰበረም። በዚህ ያኔ እኮራ ነበር፤ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የበረዶው ምዕራፍ የደረሰው በነዚያ ወራት ነው። በጥንት ዘመን ምድር ስትሞቅ ሰሜን አሜሪካን የሸፈነው በረዶ ቀልጦ ለማለቅ ብዙ ሺህ ዓመት እንደፈጀበት፣ ባሕሩም ዘግይቶ ከፍ ማለቱን እንደቀጠለ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ሙቀቱ ከመጣ ወዲያው ለምን አልቀለጠም?»

«ጠርዙ ወዲያው ነው የሚቀልጠው» አልኳት። «መሀሉ አልሰማም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ ጠመኔውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ። የሚያለቅስ ሰው እንዲህ ነው የሚቆመው ብዬ ነበር። እንባውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም፤ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው።

በሰባተኛው ወር ወረቀቱ ቀበሌ ደረሰ። አጎቴ ዘንድ ሄጄ አሳየኋቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «በል፣ አባን ጥራቸው» አሉኝ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስተን ሄድን፤ አጎቴ፣ የደብሩ ቄስ፣ እሷን የሚይዙ ሁለት ጎረቤት ሴቶችና እኔ። እናቴ የበጎቹን በረት ስትከፍት ደረስን። እኛን ስታይ የበረቱን መወርወሪያ በእጇ እንደያዘች ቆመች። አጎቴ፣ «እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ፤ እኛም መንገደኞች ነን» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ ጮኹ። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ። አንዱ ሽማግሌ መጥተው እኔንም ትከሻዬን ይዘው «አይዞህ ልጄ፣ የሰው ልጅ ነገር እንዲህ ነው» እያሉ ያረዱኝ ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። አሁን ማልቀስ ይፈቀድልኝ ነበር። ሁሉም ዓይን ዓይኔን ያያል። አላለቀስኩም። ሰባት ወር ዘግቼ የያዝኩት ነገር ሊከፈት ሲባል እንቢ አለ።

በሦስተኛው ቀን የቆሰለው ልጅ ለለቅሶ መጣ። እናቴ እግር ሥር ተቀምጦ እንባውን አፈሰሰ። መርዶው ስለተነገረ ምስጢሩ ያለቀ መስሎታል፤ ሊያጽናናትም ፈልጎ ነው።

«እኔስ እማማ፣ ዝም አላልኩም» አላት። «በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጥቼ ለመምህር ነግሬያለሁ።»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አልተቆጣችም። የግራ እጇን ጣቶች በቀኟ እያጠፈች መቁጠር ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትቆጥር የገባኝ እሷ ስትጨርስ ነው።

«እስከ አርባው ሃያ ሰባት ቀን ነበረህ» አለችኝ።

ስለ አጨዳው፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ወረቀቱ ያሰብኩ ሰው ስለ አርባው አንድም ቀን አላሰብኩም። በእኛ እምነት ሟች በአርባ ቀኑ ፍትሐት ይደረግለታል፤ ሬሳው ባይገኝም ስሙ ተጠርቶ ይደረጋል። እናቴ ሰባት ወር ሙሉ በቅዳሴው ስሙን የምታስጠራው ከሕያዋን ጋር ነበር፤ በመንገድ ጠብቀው እያለች። ልጇ ያለ ፍትሐት ሲጠብቅ እሷ ባና ስትፈትልለት ነበር።

«ማን ፈታው?» አለች።

«ማንም እምዬ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ደብዳቤው ሲነበብላት እንደምትነቀንቀው። በዚህ ነገር ሌላ ቃል አልተናገረችኝም፤ በዚያ ቀንም በኋላም። ለእኔ ምሳ አቀረቡልኝ፤ በላሁ።

ፍትሐቱ ዘግይቶ ተደረገ፣ ተዝካሩም ወጣ። ባናው ተሠርቶ አልቆ ነበርና ለሟች ነፍስ ይሁን ብላ ለቄሱ ሰጠች። ዓመታት አለፉ። እኔ በየዓመቱ ያንኑ ምዕራፍ አስተምራለሁ፣ በየዓመቱ አንድ ተማሪ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል። እናቴ አትጠላኝም። በገበያ ቀን አሁንም ክፍሌ ትመጣለች፣ ቅቤም ታመጣለች። ደብዳቤዋን ግን ከእኔ ወስዳ ሣጥኗ ውስጥ ከታዋለች። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ከሰው መሀል እቀመጣለሁ፤ ሰው ሲያለቅስ እጄን አያለሁ።

ባለፈው ሐምሌ ብርድ በበዛበት ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጡ ቄሱን አገኘኋቸው። ያን ጥቁር ባና ደርበውታል፤ ጠርዙ ተበልቷል። መስቀል ተሳልሜ ላልፍ ስል፣

«ተሻለህ ወይ?» አሉኝ።

«ምኑ አባ?»

«ስምህን በየቅዳሴው ከሕሙማን ጋር ነው የምጠራው። አታውቅም እንዴ? እናትህ ናት ያስያዘችው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከለቅሶው። ልጁ መጥቶ ከነገራት ማግስት ጀምሮ።»

«እኔን እኮ ምንም አላመመኝም አባ» አልኳቸው።

ባናውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉት። «እሷም ይህንኑ ነው ያለችኝ» አሉ። «‹ልጄን ምንም አላመመውም፤ እባክዎ ስሙን ከሕሙማን ጋር ይጥሩልኝ› ብላ ነው የነገረችኝ።»