በበሩ ያላለፈው ጠረጴዛ

ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት ከኖረችበት የኪራይ ቤት የወጣችው በገዛ እግሯ ሳይሆን በባሏ ምላስ ነው። ባሏ አናጢ ነው። እጁ እንጂ አፉ ብዙም አይሠራም ነበር፤ ያን ሰሞን ግን ምን እንደነካው እንጃ፣ «ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ፀሐይ ጠዋት በመኝታ ቤቱ፣ ከሰዓት በሳሎኑ ይገባል፤ ሚጡም የራሷ ክፍል ይኖራታል» እያለ ሲነዘንዛት ከረመ። ሚጡ አንዲት ልጃቸው ናት። አሥራ ስድስት ሞልቷታል፤ የሕፃንነት ስሟ ግን እንደ ጠበበ ቀሚስ በአንገቷ አልወጣ ብሎ ቀርቷል።

እውነቱን ለመናገር፣ አዲሱን ቤት አልጠላችውም። የጠላችው አሮጌውን መልቀቅ ነው። ያ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፣ ወለሉም ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ግን የወደቀ የልብስ ቁልፍ ሁሉ ተንከባሎ እዚያው መስኮት ሥር ስለሚጠራቀም ቁልፍ ጠፍቷት አያውቅም። መስኮቱ ደግሞ ከመንገዱ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው፤ አላፊ አግዳሚው አንገቱን ያስገባና «እንዴት አደርሽ? ሱሪዬስ?» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል «ሱሪህ ደኅና ነው፣ አንተስ?» ትለዋለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማን አንገቱን ያስገባል? እርግብ ካልሆነ!

«እሺ» አለችው በመጨረሻ። «ግን ጠረጴዛዬ የሚገባበት ቤት ከሆነ ብቻ ነው።»

ጠረጴዛው የጨርቅ መቁረጫዋ ነው። በተጋቡ ዓመት አናጢው እዚያው ክፍል ውስጥ ሠራላት። አንድ ምስማር የለበትም፤ እንጨቱን ከእንጨት አጣምሮ፣ በኮላ አጣብቆ፣ ሲጨርስ ላዩ ላይ ወጥቶ ጨፍሮበታል፤ ያኔ ጉልበቱም ጤነኛ ነበር። ከሥሩ እንደ ሣጥን የተዘጋ ሆኖ በአንድ ጎን መሳቢያ፣ በሌላው ጎን መደርደሪያ አለው። ሚጡ አራስ ሳለች ታችኛው መሳቢያ አልጋዋ ነበር። እናቷ ከላይ ኮት እየቆረጠች ከታች መሳቢያውን በእግሯ ወዝወዝ ታደርግላታለች። ልጅቷ እስከ ዛሬ የመቀስ ድምፅ ስትሰማ የምታዛጋው ለዚህ ነው ይባላል።

እንግዲህ መለካት መጣ። አናጢው የአዲሱን ቤት በር በብረት ሜትሩ ለካና ዘጠና አንድ ሳንቲ ሜትር ብሎ መጣ። ሰፊዋ ጠረጴዛውን በጨርቅ ሜትሯ ለካች፤ ወርዱ ዘጠና ሆነ። ቁመቱ ከወርዱ ስለሚበልጥ ገልብጦ ማስገባት የሚባል ነገር የለም፤ ቢሆንም አንድ ሳንቲ ሜትር ተርፏል፣ ይበቃል ተባባሉ። በአንዱ ሜትር ሁለቱንም መለካት ለማናቸውም አልታያቸውም። እሷ የብረቱን «ይሄ ቆርቆሮ የሰው ወገብ አቅፎ አያውቅም» ትለዋለች፤ እሱም የጨርቁን «ሪባን» ይለዋል።

ረቡዕ ጠዋት ዕቃው ተጫነ። ከአሮጌው ቤት ጠረጴዛው በባለ ሁለት መዝጊያው በር ያለ ችግር ወጣ። አዲሱ ሕንፃ ሲደርሱ ተሸካሚዎቹ ከመኪና አውርደው ምድር ቤት፣ ደረጃው የሚጀምርበት መግቢያ ላይ አሳረፉት። አናጢው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ለወጉ ያህል ብረቱን መዥረጥ አድርጎ ለካ። ደግሞ ለካ።

«ዘጠና ሁለት» አለ።

«ምኑ?»

«ጠረጴዛው ነዋ!»

«ዘጠና ነው። በገዛ እጄ ለክቼዋለሁ።»

«በገዛ ሪባንሽ በይ።»

«ያንተ ቆርቆሮ ዝጎ ይሆናል!»

አንደኛው ተሸካሚ ላቡን እየጠረገ «እናንተ ሜትሮቻችሁን እስክታስታርቁ እኛ አልጋውን እናውጣ» ብሎ ሄደ። አልጋው ገባ፣ የስፌት መኪናዋ ገባች፣ ሳህንና ፍራሽ ገባ። ጠረጴዛው እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው መግቢያው ላይ ተገትሮ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢው መጡ። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ከኋላቸው ግን «ሚሊ» ይጨመርበታል፣ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ የማያልፉ ሰው ስለሆኑ። ደብተራቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ጠረጴዛውን አንዴ ዞሩት።

«ይሄ መተላለፊያ ነው» አሉ። «እስከ እሑድ ስድስት ሰዓት ይነሣ።»

«ጋሼ፣ የበሩን መቃን ፈትቼ ላስገባውና መልሼ ልግጠመው» አለ አናጢው።

«በር፣ መስኮት፣ ግድግዳ አይነካም። ደንብ ነው። አንዱ በር አሰፋለሁ ብሎ ግድግዳ ነክቶ እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ አሰነጠቀብን።» ይህን ብለው ሄዱ።

አናጢው ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ መሐል ለመሐል እቆርጠውና ላይ መልሼ እገጥመዋለሁ። ቅዳሜ።»

«እኔን መሐል ለመሐል ቁረጠኝ!» አለች ሰፊዋ። ቀልድ አልነበረም። የተቆረጠ ጠረጴዛ ምንም ቢገጣጠም መሐሉ ላይ ጠርዝ ያበጃል፤ መቀስ እዚያ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ጨርቅ ይበላሻል። ከዚያ ሌላም ነገር ነበረ፤ ያን ግን ለሰው የሚነገርበት ቃል አላገኘችለትም።

የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለሰኞ ልታደርስ ቃል ገብታ ስለነበር መቀመጥ አልቻለችም። ሐሙስ ጠዋት ጨርቋን ታቅፋ ወረደችና እዚያው መግቢያው ላይ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች። የመጀመሪያውን ሱሪ ሳትጨርስ የምድር ቤቱ አንደኛ በር ተከፈተ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው የሚኖሩበት፤ ወንበር ይዘው ወጥተው አጠገቧ ዘፍ አሉ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ረበሽኩዎት መሰለኝ» አለች።

«ምን ትረብሺኛለሽ! እኔ ሰው ሲጮኽ አርባ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። መቀስሽ ዘፈን ነው። ደግሞስ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ስኖር እዚህ መግቢያ ላይ ሰው ቆሞ አላየሁም። ሁሉም ቁልፉን ሲያንቃጭል እሰማለሁ፣ ፊቱን አላውቀውም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነለትም። መንገዱ ግማሽ ተይዟልና የሚወጣው ሁሉ ጎኑን ሰጥቶ በመሹለክ ነው የሚያልፈው፤ ጎኑን የሰጠ ሰው ደግሞ ሰላም ሳይል አይሄድም። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ታክሲ ነጂ የተበጠሰ ዚፕ አመጣ። አራተኛ ፎቅ ያለችው የባንክ ሠራተኛ ጉርዷን ለማሳጠር መጥታ ስለ አለቃዋ አንድ ሰዓት አወራች። አዋላጇ ከወንበራቸው ሆነው የመጣውን ሁሉ ያስተዋውቃሉ፤ «ይሄ ሌሊት የሚያንኮራፋው ነው» ይላሉ፣ «ይቺ ደግሞ ውሃ ከፍታ የምትረሳዋ»። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን በሰው ተከባ አገኘቻትና «እማዬ፣ አሮጌው ቤት መጣ እንዴ?» አለቻት። ሰፊዋ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ቅዳሜ ትዝ አላትና መቀሱን አስቀመጠችው።

ቅዳሜ ከሰዓት አናጢው መጋዙን ይዞ ወረደ። ፊቱ የቀብር ፊት ነው። የሚቆርጥበትን መስመር በእርሳስ ሊያሰምር ብረት ሜትሩን ዘረጋ።

«በዚህ ቆርቆሮ አታሰምርበትም!» አለች ሰፊዋ፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ቆርቆሮህ ባይዋሽ ኖሮ ይሄኔ ጠረጴዛዬ ቤቴ ገብቶ ነበር።»

«የዋሸችው ሪባንሽ ናት!»

«የኔ ሜትር ሃያ ሁለት ዓመት ሰው አልብሳለች!»

ጭቅጭቁ ደረጃውን ይዞ ወጣ መሰለኝ፣ ጋሼ ሚሊ ወረዱ። ልኬት ነው የሚያጣላቸው ሲባሉ ዓይናቸው በራ። ተመልሰው ሄደው ከሥራ ሲሰናበቱ ይዘዋት የወጡትን፣ በቆዳ ማኅደር የምትቀመጥ የብረት ሜትራቸውን አመጡ። ሦስቱን ሜትር ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስተኙ። ሁለቱ ብረቶች እኩል ሄዱ። ብረቶቹ ዘጠና ሁለት ላይ ሲደርሱ ጨርቁ ገና ዘጠና ይል ነበር።

«ተለጥጣለች» አሉ ጋሼ ሚሊ። «ሁለት ሳንቲ ሜትር።»

ሰፊዋ የአዋላጇ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ተማሪ በውሸት ሜትር አልብሼዋለሁ?» አለች ቀስ ብላ። ጠረጴዛውን ለጊዜው ረስታዋለች።

አናጢው ያን ጊዜ ቢፈልግ ዕድሜ ልኩን ሊስቅባት ይችል ነበር። መጋዙን መሬት አስቀመጠና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ጠበበኝ ብሎ የተመለሰ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ሰፋኝ ያለስ?»

«የለም።»

«ታዲያ! ገላውን የለካሽው በዚህችው፣ ጨርቁንም የለካሽው በዚህችው። ለሁለቱም እኩል ከዋሸች ምን አጠፋች? ያጠፋነው እኔና አንቺ ነን። አንዱን በብረት፣ አንዱን በጨርቅ!»

በዚህ ጊዜ ጋሼ ሚሊ ሳቁ። ሲስቁ በዚያ ሕንፃ ሰምቶ የሚያውቅ የለምና አዋላጇ «አሟቸው ነው?» ብለው ተነሡ።

«እኔ» አሉ ጋሼ ሚሊ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ስሠራ በነበርኩበት ዘመን አንድ ጉብታ ስለካ አንድ ክንድ ጎድሎብኝ ሦስት ሳምንት እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። አንቺ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተሳስተሽ አንድ ሰው እንኳ አልጠበበውም!» ከዚያ ሳቁን ድንገት ቆረጡትና ወደ አናጢው ዞሩ። «መቃኑ በምንድነው የታሰረው?»

«በብሎን። ከኋላው ሌላ እንጨት አለ፣ ግድግዳው ጋ አይደርስም። ረቡዕ ልነግርዎ ነበር።»

«የተነገረኝን አልቀበልም፣ የለካሁትን ነው።» ወጡ። አናጢው ተከተላቸው። ሰፊዋ ታች ቀረች፤ አንድ እጇን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ ሌላውን አዋላጇ ይዘውላት። ወንዶቹ ከሃያ ደቂቃ በላይ ቆዩ። ሲመለሱ ጋሼ ሚሊ ጉልበታቸው ላይ አቧራ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ ነበር።

«ደንቡን የጻፍኩት ለግድግዳው ብዬ ነው» አሉ። «መቃኑ ሲወልቅ ዘጠና አምስት ይሆናል፣ ግድግዳው አይነካም። ነገ አራት ሰዓት ላይ ይፈታ፤ ስድስት ሰዓት ላይ በነበረበት ይገጠም። በነበረበት ስል...»

«እስከ ሚሊው!» አለ አናጢው፤ አፉን ወዲያው በእጁ ያዘ። አዋላጇ ወንበሩን እስኪይዙ ሳቁ።

እሑድ ጋሼ ሚሊ ደረጃው ላይ በጠመኔ መስመር አስምረው ጠበቁ፤ ጠረጴዛው የት ዘንበል፣ የት ቀና እንደሚል። የታክሲው ነጂ ከፊት፣ አናጢው ከኋላ፣ የባንክ ሠራተኛዋ ሳትቀር ጫማዋን አውልቃ ከጎን ያዘች። የሚያንኮራፋው ጎረቤት በየመጠምዘዣው «እረፍት!» ይላል፤ እሱ ራሱ ግን አንዴም አላረፈም። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ መቃኑ በወለቀው በር ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጣት ነው የሚተርፈው። እዚህ ላይ አዋላጇ ሥልጣኑን ተረከቡ።

«ቀስ! ማን ግፉ አላችሁ? እኔ ስል ነው የሚገፋው! ተንፍሱ። አንተ ቀዩ ሸሚዝ፣ አንተም ተንፍስ። ጭንቅላቱ ገብቷል... አሁን! ግፉ! አይዞሽ ልጄ፣ ደርሷል!»

«እኔ ምን ሆንኩ እትዬ?» አለች ሰፊዋ፤ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ እንደቆመች ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ጠረጴዛው አንዴ ሲጥ አለና ገባ። አዋላጇ መሳቢያውን መታ መታ አድርገው «እንኳን ደስ ያለሽ! ክብደቱን ብቻ አትጠይቂኝ» አሉ። ደረጃው በሳቅ ተናወጠ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልሄደም። የሰፊዋ ብርጭቆዎች የትኛው ካርቶን ውስጥ እንደገቡ ስላልታወቀ እያንዳንዱ ከቤቱ የራሱን ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። የተቀመጠው ፍራሽ ላይ፣ የቆመው በሩ ላይ ነው። ሰፊዋ ሰው እየገፋች ውሃ ታዞራለች፤ ሚጡ ለባንክ ሠራተኛዋ የራሷን ክፍል ታስጎበኛለች። አናጢው ብሎኑን ጥርሱ ላይ ይዞ መቃኑን እንዳቀፈ ውጭ ቆሟል።

«ወይ ግቡ ወይ ውጡ! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ በሩን ልግጠም!»

የሚሰማው አልነበረም። ደግሞ አንድ ሰው ከላይ ወረደ፤ ሰፊዋ የማታውቃት ሴት፣ እጇ ላይ የልጅ ሹራብ ይዛለች። «በሩ ክፍት ስለሆነ ነው የገባሁት» አለች እያፈረች። «ግቢ እንጂ!» አለች ሰፊዋ፤ ቦታ ልታስለቅቅላት ባሏን ትንሽ ወደ ደረጃው ገፋ አደረገችው።

ጋሼ ሚሊ ሰዓታቸውን አዩ። ደብተራቸውን ገለጡ፣ እርሳሳቸውን በምላሳቸው አረጠቡ። 

«ለአዲስ ገቢዎች» አሉ እየጻፉ፣ «ሃያ ደቂቃ ተጨምሯል።»