የወንድሜ መዘቅዘቂያ

ወንድሜ ከላስ ቬጋስ ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ ባለ መጋዘን ካርቶን ሲያነሳ ሲያወርድ ወገቡ ከተጎዳ ቆይቷል። ሐኪሙም ማሳጁም አልሆን ሲለው በኦንላይን አንድ የብረት አልጋ አዘዘ፤ ቁርጭምጭሚት ቆልፎ ሰውን ቁልቁል የሚዘቀዝቅ። እሱን ጠቅሞታል፣ አልክድም። እስከ ዛሬ ከሥራ ሺፍቱ በፊት ጥቂት ይዘቀዘቅና ቀና ብሎ ይሄዳል። ንዴቴ ከአልጋው ጋር አይደለም።

አልጋው በመጣ ሳምንት ቅዳሜ፣ በየቤቱ የምንዞረው የጸሎት ኅብረት ተራ የእሱ ነበር። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ያለው ቤቱ ሳሎኑ ስለሚጠብ ምግቡ ጋራዥ ውስጥ ቀረበ፤ አልጋውም እዚያው ቆሟል። ሰው እስኪሰበሰብ መመሪያውን አነበብኩ። ትምህርት ቤት የገባሁት ትልቅ ሰው ሆኜ ነውና የታተመ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልበትም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት ሕመም፣ ያለበት ሰው እንዳይወጣበት ይላል። እናታችን ግላኮማ አለባት። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ የቀራት ቀኙ ነው።

ወንድሜን ጠርቼ አሳየሁት።

«አንቺ ደግሞ የመድኃኒት ካርቶን ሳይቀር ነው የምታነቢው» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም ገብቶታል፤ እማዬ እንደማትነካው ነገረኝ።

ከምግብ በኋላ ሽማግሌያችን አልጋው ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩ። ሲጨርሱ፣ አዲስ ዕቃ በእናት ቢጀመር ይባረካል አሉና ወደ እማዬ ዞሩ። «እናታችን፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

እማዬ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች። ለጸሎት እንኳ ግንባሯን መሬት አስነክታ እንዳትቆይ ሐኪሟ ከልክላታለች። ወንድሜ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እሷ ልጇን እንግዳ ፊት ላለማሳፈር፣ እሱ የሽማግሌውን ቃል ላለመመለስ፣ እኔ ደግሞ እሱ ይናገራል ብዬ ዝም አልን። ይሉኝታ ነው። ጨዋነት ነው ብለው አሳድገውናል፤ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሁለት ሰዎች እግሯን ቆለፉ፣ አንዷ ቀሚሷን ያዘችላት። ዘቀዘቋት። ነጠላዋ ፊቷ ላይ ወደቀ። አንዱ ከወጣቶቹ፣ ከእኛ እሳቸው ይበልጣሉ ሲል ሁሉም ሳቁ። «አውርዷት» አልኩ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ የሰማኝ የለም። ሄጄ አልጋውን ራሴ አቃናሁት። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ቀኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ደስ ይላል» አለቻቸው።

ሽማግሌው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ወንድሜ ለስላሳ ማደል ጀመረ።

በሦስተኛው ቀን መብራት ዙሪያ ጭጋግ አያለሁ አለች። ሜሪላንድ ፓርክዌይ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ወሰድኳት። የዓይኗ ግፊት ጨምሯል። እማዬ ስለ አልጋው እንዳልናገር ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እኔ ግን አንድም ሳላስቀር ለሐኪሟ በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ሐኪሟ በዚያ ምክንያት ነው ለማለት እንደማትችል ነገረችኝ። እኔም አልልም። ነገር ግን ምን ያህል እይታ እንደቀራት መለካት ነበረበት።

ምርመራው ቀላል ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ አገጭን አስደግፎ፣ ብልጭ የምትል ነጥብ በታየች ቁጥር ቁልፍ መጫን። እማዬ ያለማቋረጥ ተጫነች። መርማሪዋ አቁማ፣ ይህ ውጤት አይታመንም አለችኝ፤ ምንም ነጥብ ሳይበራም ትጫናለች።

«እማዬ፣ ያላየሽውን ለምን ትጫኛለሽ?»

«ታዲያ ልጅቷ ስትጠብቀኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ምን ትለኛለች?»

ደሜ ፈላ። የራሷን ዓይን ሲለኩላት እንኳ የምታስበው ለለኪዋ ነው። በዕድሜዬ ተናግሬያት በማላውቀው ድምፅ፣ «ማንንም ደስ አታሰኚ» አልኳት። «ልጅቷንም፣ ልጅሽንም፣ ሽማግሌውንም። ካላየሽ አትጫኚ። ስንት እይታ እንደቀረሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እማዬ አገጯን መልሳ አስደገፈች።

ጥግ ቆሜ አዳመጥኩ። ቁልፉ ጠቅ አለ። ጠቅ አለ። ከዚያ ጠቅታው ቆመ፤ ማሽኑ ነጥቦቹን እያበራ ብቻውን ይሠራ ጀመር። ስልኬ ነዘረ፤ ወንድሜ ነበር፣ አላነሳሁም። እማዬ ቁልፉን በሁለት እጇ ጭብጥ አድርጋ ይዛለች፤ አውራ ጣቷ ላዩ ላይ ነው። ጠበቅሁ። አልተጫነችም።