አላውቅም ያላልኩባቸው ሳምንታት

ኢንተርኔት በስልክ መስመር እያቃሰተ በሚመጣበት ዘመን፣ ሄርማታ ገበያ አጠገብ አራት ኮምፒውተር ባለው ቤት እሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሊሙ ገነት አንድ ጡረተኛ መምህር ይመጡ ነበር። ከአባታቸው በወረሱት ማሳ ላይ አንዳንድ የቡና ዛፎች ጠውልገው መድረቅ ጀምረውባቸዋል። በየአገሩ ያሉ ቡና አብቃዮች የሚጻጻፉበት የውይይት ቡድን አገኘሁላቸውና ተመዘገቡ። እንግሊዝኛቸው ከእኔ በብዙ ይሻላል።

ገጹ ሲዘገይባቸው አዘንኩና ብልጠት መስሎኝ የቡድኑ ገጽ የሚቀመጥበትን ሰርቨር የቁጥር አድራሻ በአራቱም ኮምፒውተሮች ውስጥ በእጄ ጻፍኩት። ማሽኑ ስሙን ሳይፈልግ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ስለሚሄድ ፈጠነ። "ማሻአላህ፣ እጅህ ይባረክ" አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ ከአንድ የቡድኑ አባል ጋር ተከራከሩ። ሰውየው ዛፎቹ ውሃ ጠምቷቸው ነው ቢላቸው፣ "ሳታይ አትፍረድ" ብለው ጠንከር ያለ መልስ ሰጡት። በሳምንቱ ቡድኑ አልከፈት አለ። መስመሩን አቋርጬ ደግሜ ደወልኩ፤ ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ፤ አራቱንም ኮምፒውተር አዳረስኩ። ሌላው ሁሉ ይከፈታል፤ የእሳቸው ቡድን ብቻ እምቢ አለ።

"ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች እያዩኝ ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ።

"ዘግተውብዎት ይሆናል መምህር። አንዳንዴ እንዲያ ያደርጋሉ።"

መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። "እንግዲህ ከአፌ በወጣው ቃል ነው" አሉ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ ተመላለሱ። በአራተኛው ቀሩ።

መቅረታቸው ሰላም ነሳኝ። ኪቶ ፉርዲሳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጅ ነበረኝና ሄጄ ገጹን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። በእሱ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ሙከራ ተከፈተ። ራስጌው ላይ ቡድኑ ወደ ሌላ ሰርቨር መዛወሩን የሚናገር ማስታወቂያ አለ። ወዲያው ገባኝ፤ እኔ የጻፍኩት ቁጥር የድሮው ነው። የእኛ ኮምፒውተሮች ሰው የለቀቀውን ቤት ሲያንኳኩ ነው የከረሙት።

ያ የተከራከሩት ሰው መልስ ጽፎ ነበር። "ይቅርታ፣ ተሳስቻለሁ፤ በሽታ ነው" ይላል። "የታመመውን ነቅለው እዚያው ያቃጥሉ። እሱን የነካ ገጀራ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን እንዳይነካ።" ከሥሩ ደግሞ ሌሎች፣ "ወዳጃችን ምነው ጠፉ?" እያሉ ይጠይቃሉ።

ወረቀት ላይ አትሜ በማግስቱ ሊሙ ገነት ሄድኩ። መምህሩን ያገኘኋቸው ማሳቸው ውስጥ፣ ገጀራ ይዘው አረም ሲመነጥሩ ነው። ቆመው አነበቡት። መልሱ የተጻፈበትን ቀን በጣታቸው ነኩ።

"ይህ ሲጻፍ የታመሙት ከቤቱ በላይ ያሉት ብቻ ነበሩ" አሉ። አሁን ድርቀቱ ቁልቁል እስከ ወንዙ ወርዷል።

"ማንም አልዘጋብዎትም። ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ቁጥሩን የጻፍከው ልትረዳኝ ነው፤ እሱ ጥፋት አይደለም። አላውቅም ብትለኝ ግን ሌላ ቦታ ሄጄ እጠይቅ ነበር።"

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ገጀራውን አስቀምጠው ዶማ ሰጡኝና እስከ ማምሻው ድረስ አብረን ስንነቅል ዋልን። አባታቸው የተከሉትን አንዱን ዛፍ ግን ራሳቸው ነቀሉት። ከወንዙ ማዶ ያለው ማሳ በኋላም ተረፈላቸው፤ ከወዲህ ያለው አብዛኛው ግን አለቀ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መጡ። በእጄ የጻፍኩትን ቁጥር ሰርዤው ስለነበር ቡድኑ ተከፈተ። ለዚያ ሰው ስለ ኃይለ ቃላቸው ይቅርታ ጠየቁ፤ ምክሩንም አመሰገኑ።

"የጠፋሁበትን ምክንያት ምን ልበላቸው?" አሉኝ ዘወር ብለው።

"እውነቱን ይጻፉት፣ መምህር።"

"ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው" አሉና ጻፉ። ከኋላቸው ቆሜ አነበብኩ፤ እኔን አላነሱም። "አድራሻው ጠፍቶብን ነበር" ነው የሚለው። ጠፍቶብኝ አላሉም፤ ጠፍቶብን።